የመጀመሪያዋ ሌሊት፦ ከዲንሾ ለሚነሱ ተጓዦች የድንኳን ቦታ አመራረጥ

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ በምንጠጣበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ወጣት ጥያቄ አነሳ። «ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው፤ ከዲንሾ ተነስተን፣ የዌብን ሸለቆ አቋርጠን ሰነቴ አምባ ልንወጣ። የመጀመሪያውን ሌሊት ድንኳን የት ብንተክል ይሻላል?» በቀጥታ የመለሰለት ሰው አልነበረም። አንዱ ስለ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ አወራ፣ አንዱ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ሌላው የጫማ ዋጋ አነሳ። ልጁም ጨዋ ነውና ሾርባውን ጠጥቶ ዝም አለ። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። በጠረጴዛው ላይ ከተወራው ሁሉ ቁም ነገር የነበረው እሱ ብቻ ነበርና።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌሊት ብዙም አያሳስብም። እስከዚያ እግር ይፍታታል፣ ሳንባ ይለምዳል፣ ከቡድኑ ማን ቶሎ እንደሚደክም ይታወቃል፣ ድንኳኑም በየት በኩል እንደሚያፈስ ይታያል። የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ትመጣለች። ጠዋት ከሐዋሳ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፎ ዲንሾ የደረሰ ሰው፣ ሻንጣው ደጋ ቢገባም ሰውነቱ ገና ሐይቁ ዳር ነው።

በዶዶላና በአዳባ በኩል ለተጓዥ የተሠሩ የጫካ ጎጆዎች ያሉበት ሌላ መንገድ አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን ትቼዋለሁ። እዚህ የማወራው ቧንቧም፣ መብራትም፣ ሽንት ቤትም ስለሌለው፣ ሰው ራሱ መሬቱን አይቶ መምረጥ ስላለበት ቦታ ነው።

## ከፍታው በመኪና ሲመጣ

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዲንሾ 3,100 ገደማ ነው። ከዲንሾ ወጥቶ ዌብ ሸለቆ የገባ ሰው 3,500 አካባቢ ያድራል። ሰነቴ 4,000 ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች የሚዘረዝር ሞልቷል። የሚረሳው ነገር የመጀመሪያዎቹ 1,400 ሜትሮች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ የሚወጡ መሆናቸው ነው። እግር ስላልደከመ ሰውነትም ያልደከመ ይመስላል።

የከፍታ ሕመምን የሚያውቁ ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ባላችሁበት ከፍታ እረፉ። ቀን ከፍ ብሎ ማታ መመለስ ችግር የለውም፤ የሚቆጠረው የሚታደርበት ቦታ ነው። በዚህ ስሌት ጠዋት ከሐዋሳ ወጥቶ እዚያው ቀን ዌብ ሸለቆ ማደር የማደሪያን ከፍታ በአንድ ጊዜ በ1,800 ሜትር ማሳደግ ነው። ከፍታ ታሞ የማያውቅ ጤነኛ ሰው እንኳ በአንድ ቀን ከ3,500 ሜትር በላይ ወጥቶ ካደረ ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድሉ ከፍተኛ ነው ይላሉ፤ ሸለቆው ደግሞ ልክ እዚያ ድንበር ላይ ነው ያለው። ዲንሾ አድሮ በማግስቱ መውጣት ግን የ400 ሜትር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለልጁ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት መንገዱን ሳትጀምሩ፣ እዚያው ዲንሾ እደሩ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ኮረብታ በጽድና በኮሶ ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ድንኳን የሚተከልበት ቦታም አለው። የደጋ አጋዘን፣ ከርከሮና ድኩላ በቅርብ ሲግጡ ይታያሉ። በዚያው ከሰዓት በኋላ የመግቢያና የድንኳን ክፍያ ይከፈላል፣ መንገድ መሪ ይያዛል፣ ከባለፈረሶች ጋር ዋጋ ይቆረጣል። ደረሰኙን ሻንጣ ሥር ሳይሆን ኪስ ውስጥ አስቀምጡት፤ ጠባቂ መንገድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ጠዋት አደርገዋለሁ ያለ ቡድን ዲንሾን የሚለቀው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ የዚያን መዘዝ ከታች እናየዋለን።

ቅዳሜና እሑድን ብቻ ይዘው የሚመጡ ይህን ሌሊት እንደ ባከነ ይቆጥሩታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ፤ በማግስቱ አንድ ሰው ታሞ መላው ቡድን ሲመለስ የባከነው ሁለት ቀን ይሆናል። ራስ ምታት ብቻውን ከሆነ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ ብዙ ጊዜ ያሽለዋል። ከማቅለሽለሽ፣ ከድካምና ከማዞር ጋር ከመጣ እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ መሄድ የለም። አካሄዱ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ተቀምጦ እያለ የሚያለከልክ ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ብርድ ያባርራል ተብሎ የተያዘ አረቄ ካለም ለመመለሻው ቢቀመጥ ይሻላል፤ የሰውነትን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክናል፣ በእንቅልፍ ላይ ደግሞ አተነፋፈስን ያዳክማል።

## ዘጠኝ ሰዓት ላይ

በማግስቱ መንገዱ ወደ ዌብ ሸለቆ ይገባል፤ በመንገድ ላይ የምትታደረው የመጀመሪያዋ ሌሊትም ይህች ናት። ብዙዎች ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ላይ አረፍ ብለው፣ ሶዶታ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ለማደር ያስባሉ። ጉዞው መልካም ከሆነ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ መሪው ያውቀዋል። የኔ ነገር ያለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንበል። ከጅረቱ ከፍ ያለ፣ ሣሩ አጭር የሆነ መደብ ላይ ደርሳችኋል። ፀሐይ አለች። መሪው ወደ ፊት እያመለከተ «ከዚያ ጉብታ ጀርባ የተሻለ አለ፣ ቅርብ ነው» ይላል። ከቡድኑ ግማሹ ሻንጣውን አውርዷል፤ ግማሹ ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ ላይ የሚወሰነው ነገር ሌሊቱን ይወስነዋል።

ወደ ፊት እንሂድ የሚለው ወገን ያለ ምክንያት አይናገርም። ጉልበት አለ፣ ብርሃን አለ፣ ዛሬ የተሄደው ነገ ይቀንሳል። ምናልባትም ያኛው ቦታ በእርግጥ የተሻለ ነው። ጀንበር የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ቀርቷል። ሦስት ሰዓት ሲሰሙት ብዙ ነው።

ከኋላ ወደ ፊት ቢቆጠር ግን መልኩ ይለወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ እራት ለማብሰል አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ውሃ ቀድቶ፣ አጥልሎ፣ አፍልቶ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ። ሐዋሳ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተዘርግቶ የታየን ድንኳን በነፋስ ውስጥ ለመትከል ሌላ አርባ ደቂቃ። ቦታውን ዞሮ ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት። ድምሩ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆመ ቡድን ልክ በሰዓቱ ነው፣ ትርፍ የለውም። አንድ ሰዓት የጨመረ ቡድን የመጨረሻውን ሥራ በራስ ባትሪ ይሠራዋል። ያ የመጨረሻው ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ምግብ ነው፤ ስለዚህ ሰው ደረቅ ቆሎ ቆርጥሞ፣ ሳይሞቅ ይተኛል። በአገራችን ኬክሮስ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ነው የሚወድቀው፤ ሃያ ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጀርባ ከገባች ደግሞ ብርዱ ጀንበር እስክትጠልቅ አይጠብቅም።

የደመናውም ነገር አለ። በዝናብ ወራት በባሌ ተራሮች ጠዋቱ ጠርቶ ከሰዓት በኋላ መዝነብ የተለመደ ነው። አንድ ሰዓት መጨመር ማለት ብዙ ጊዜ ድንኳኑን በዝናብ ውስጥ መትከል ነው፤ ውስጡ አንዴ የረጠበ ድንኳን በዚያ ብርድ ውስጥ ሌሊቱን አይደርቅም።

«ቅርብ ነው» የሚለውን መልስ ወደ ሰዓት መመንዘር የጠያቂው ሥራ ነው። ባለፈረሱን በአክብሮት «ኦቦ፣ የተጫነ ፈረስ ከዚህ እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ባዶ እጁን የሚሄደው ሌላ፣ የተጫነ ፈረስ የሚሄደው ሌላ ነው። «እዚያ ያለው ውሃ በዚህ ወርም አይደርቅም?» በሉ። ከዚያ «ዝናብ ቢመጣ እናንተ የት ነው የምትጠለሉት?» በሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ባለፈረሶች ቦታ የሚመርጡት ለፈረሱ ግጦሽ፣ ለራሳቸው ከነፋስ የሚከልል ድንጋይ ያለበትን አይተው ነው፤ ልክም ናቸው። ጉብታው ጀርባ ያለው ቦታ የተሻለ የተባለው ለዚህ ከሆነ፣ ባላችሁበት አጠገብ ለእነሱ የሚሆን ጥግ ፈልጋችሁ ብትነጋገሩ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። የባለፈረሱን ማደሪያ ሳያስብ ለራሱ ድንኳን ብቻ ቦታ የሚመርጥ ተጓዥ ጠዋት ፈረስ ቢዘገይበት አይፈረድም።

እኔ የመቆም ወገን ነኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃ ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ከተገኘ እሱ ይበቃል፤ የተሻለውን ነገ በመንገዳችሁ ላይ ታዩታላችሁ። ዲንሾን አምስት ሰዓት ላይ የለቀቀ ቡድን ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስበት ገና በመንገድ ላይ ስለሚሆን ይህን ምርጫ እንኳ አያገኝም።

## መሬቱን ማንበብ

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወንዙ ዳር ነው፤ ሜዳ ነው፣ ለምለም ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው። ሌሊት ላይ ግን ከሁሉ የሚከፋው ቦታ እሱ ነው። ሰማይ ጠርቶ ምድር ሙቀቷን ስትለቅ መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ይዞ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ የሸለቆው ወለል ላይ ይጠራቀማል። ከወለሉ ሃያ ሠላሳ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ መደብ በብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ውርጭ የሚከብደው በሸለቆው ወለል ላይ ነው። እርጥበቱም እዚያው ስለሚተኛ የድንኳኑ ውስጠኛ ጨርቅ ጠዋት በጠል ተጨማልቆ ይገኛል። ጫፍ ላይ መውጣት ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቁን ሲደበድበው እንቅልፍ የለም። የሚፈለገው መሀሉ ነው፦ ከወንዙ ከፍ፣ ከሸንተረሩ ዝቅ ያለ፣ ከተቻለ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መደብ። ምሥራቅን የሚያይ ቦታ የጠዋት ፀሐይን ቀድሞ ያገኛል፤ ድንኳኑ ደርቆ ይጠቀለላል፣ ሰውም ቶሎ ይነሳል።

የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ነፋስ መጠበቅ አያስፈልግም። አስታው፣ ማለትም ደጋው ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ፣ ወደ አንድ ወገን ተጎንብሶ አድጎ ከሆነ ነፋሱ ከየት እንደሚበዛ ተጽፏል። የድንኳኑ ጠባብ ጫፍ ወደዚያ፣ በሩ ከዚያ በተቃራኒ ይሁን።

ቀጥሎ ሣሩን እዩ። ዙሪያው ደርቆ ሳለ አንድ ቦታ ብቻ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ሰንበሌጥ መሰል ቀጥ ያለ ሣር ከበቀለበት፣ ከሥሩ ውሃ አለ። ሲረግጡት የሚለሰልስ መሬት ሌሊት ላይ ወደ ፍራሹ ይመጣል። በተጠራጠራችሁ ጊዜ ግማሽ ሃይላንድ ውሃ አፍስሱበት፤ ወዲያው ከሰረገ ደህና ነው፣ ቆሞ ከቀረ ዝናብም እንደዚያው ይቆምበታል። ሰሐን መስሎ መሀሉ ዝቅ ያለ ሜዳ ደግሞ ሲያዩት ያማልላል፣ ሲዘንብ ኩሬ ይሆናል። በጣም በትንሹ ያዘነበለ መሬት ከዚያ ይሻላል፤ ጭንቅላትን ወደ ከፍታው አድርጎ መተኛት ነው። ድንኳኑን ከመዘርጋት በፊት ሰው ይተኛበት፤ ዓይን ያላየውን ድንጋይና ተዳፋት ጀርባ ያውቀዋል። ለሁለት ሰው ድንኳን ከነገመዱ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋል።

በዌብ ሸለቆና በሰነቴ ከዚህ ሌላ የራሱ ጣጣ አለ፤ ግዙፉ ፍልፈል። ይህ እንስሳ ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም፤ የቀይ ቀበሮው ዋና ምግብም እሱ ነው። አፈሩን ከሥር እየቦረቦረ ስለሚኖር ሜዳ የሚመስለው መሬት ባዶ ዋሻ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተቆፈረ፣ እርጥብ የሚመስል የአፈር ክምርና ክብ ቀዳዳ ካያችሁ እለፉ። ድንኳኑ ሥር መሬቱ ቢሰምጥ የሚጎዳው ፍራሽና እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ ቀበሮው የሚያድንበትን ቦታ ነው የያዛችሁበት። ጉድጓድ አካባቢ ቡችሎች ካያችሁ ደግሞ ቦታው ምንም ቢያምር ራቅ ማለት ግዴታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው።

ዛፍ ባለበት ከፍታ ላይ ለምታድሩ፣ ቀና ብላችሁ እዩ። ያረጀ ኮሶ የደረቀ ቅርንጫፉን በነፋስ ይጥላል። ገደል ሥር ከሆነ ደግሞ መሬቱ ላይ በቅርብ የወደቀ፣ እንደ ሽበት ያለ ሽፋን ገና ያላወጣ ድንጋይ መኖሩን ተመልከቱ። የከብት መንገድ ላይም አትትከሉ፤ ከብቱ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ገመድ አይቶ አይዞርም።

ከቤት የሚሠራ ሥራም አለ። በ1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር 50 ሜትር ነው። የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ የተሰመሩ ከሆነ፣ ሁለት መስመሮች በ4 ሚሊሜትር ከተራራቁ መሬቱ በየመቶ ሜትሩ 10 ሜትር ይወጣል፤ ለድንኳን ቀጥ ይላል። አንድ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የተራራቁበት፣ ከጎኑ ጅረት ያለበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ካርታው ትንንሽ መደቦችን ስለማያሳይ ምልክቱ ለፍለጋ መነሻ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። በደረቅ ወር የተነሳ የሳተላይት ምስል ደግሞ ውሃው የት እንደማይደርቅ ያሳያል፤ የከብት ዱካዎች ከየአቅጣጫው መጥተው የሚገናኙበትን ተከተሉ። ሁለት ቦታ ምልክት አድርጉ፣ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በፊት፣ ወደ ዲንሾ ቀረብ ያለ ይሁን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

## ካስማ የማይዘው አፈር

ሐዋሳ ከሱቅ የሚገዛው ድንኳን አብዛኛው ለሞቃት አገር የተሠራ ነው። ጣሪያው መረብ፣ የላይኛው ሸራ አጭር፣ ካስማው እንደ ሽቦ ቀጭን። የላይኛው ሸራ እስከ መሬት የማይደርስ ከሆነ ነፋሱ በሥር ገብቶ ብርዱን ያመጣዋል፤ ይህን ከመግዛት በፊት ነው ማየት ያለባችሁ። ካስማው ደግሞ በከፍታው ላላ ባለ አፈር ውስጥ በጣት ይወጣል። ወፍራም ካስማ ማሠራት አንዱ መንገድ ነው። እኔ ግን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይሻላል ባይ ነኝ፤ አራት ይበቃል፣ ክብደት የለውም። ድንጋይ ባለበት ግማሹን ድንጋይ ሞልታችሁ ገመዱን አፉ ላይ እሰሩበት። ድንጋይ በሌለበት አፈር መቆፈር ሜዳውን ስለሚጎዳ ማዳበሪያውን በሻንጣና በጀሪካን ውሃ ክብደት ስጡት። ሰው የካበውን የድንጋይ ክምር አታፍርሱ፤ የመንገድ ምልክት ወይም የእረኛ ነገር ሊሆን ይችላል። የተጠቀማችሁበትን ድንጋይ ጠዋት ወደ ነበረበት መልሱ።

ገመዱ በዝናብ ይላላል። ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዞራችሁ አጥብቁት፤ ሌሊት ላይ የሚያፈሰው ድንኳን ብዙ ጊዜ የተቀደደ ሳይሆን የላይኛው ሸራው ላልቶ ከውስጠኛው ጨርቅ ጋር የተጣበቀ ነው።

## ውሃና እሳት

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በሸለቆው ብዙ ከብት ስላለ የጠራ የሚመስለውም ውሃ አይታመንም። ከሰፈሩና ከከብት መሻገሪያው በላይ ቅዱ፣ በነጠላ አጥልሉ፣ አፍሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀዝቃዛና ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ጃርዲያን የመሰሉ ተውሳኮችም ይቋቋሙታል። ለመጠባበቂያ እንጂ ለማፍላት ምትክ አታድርጉት። ከማታ እስከ ጠዋት ለአንድ ሰው አራት ሊትር አስቡ። ድንኳኑ ከውሃው ከ60 እስከ 70 ሜትር ይራቅ፤ ለመጸዳጃ የሚቆፈረውም ከውሃም ከድንኳንም ያንኑ ያህል ርቆ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይጠልቃል።

ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ነው፤ አስታና ጽድ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ምድጃ ይያዝ። ቡቴን ብቻ የያዘ ጣሳ ብርዱ ሲበረታ በደንብ አይተንም፣ እሳቱ ይደክማል፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ካልተገኘ ነጭ ጋዝ የሚጠቀመው ምድጃ ያስተማምናል። ከሰል ለማሞቂያ ብላችሁ ድንኳን ውስጥ ግን አታስገቡ፤ በተዘጋ ቤት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ድንኳንም ቤት ነው።

በ3,500 ሜትር ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ሽንብራ አይበስልም፣ ምስርም ጋዝ ይጨርሳል። የኛ ሰው ለዚህ የሚሆን ስንቅ ድሮ ፈጥሯል፦ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽ በቋንጣ ፍርፍር ከአሥር ደቂቃ በላይ እሳት አይፈልግም። ትራፊ ምግብ ውጭ አትተዉ። ጅብ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ የመንደር ውሻም ይመጣል፤ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው ከውሻ ነው። የራስን ውሻ ይዞ መሄድ ጨርሶ አይታሰብም።

የብዙ ቀን መንገድ መነሻው አካባቢ ሁልጊዜ ይጎዳል፤ ሁሉም ከአንድ በር ስለሚወጣ የመጀመሪያው ማደሪያ ላይ ይከማቻል። 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአሜሪካው አፓላቺያን መንገድ ደቡባዊ ጫፍ፣ ጆርጂያ ውስጥ ያለው ስፕሪንገር ተራራ፣ በየጸደዩ ይህ ይገጥመዋል። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ሆክ ማውንቴን የተባለው ቦታ ላይ ለድንኳን የተደለደሉ ቦታዎች የተዘጋጁት ሰው ጫካውን በየአቅጣጫው እየረገጠ እንዳያሰፋው ነው። ሐሳቡ ለኛም ይሠራል። ሣሩ ቀድሞ ያለቀበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ካለ እዚያው ላይ ትከሉ፤ አዲስ አትክፈቱ። ምንም ያልተነካ ሜዳ ላይ ለማደር ከተገደዳችሁ ደግሞ ድንኳኖቹን አራርቁ፣ በአንድ መስመር አትመላለሱ፣ ከአንድ ሌሊት በላይ አትቆዩ።

## ከመነሳት በፊት

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ድንኳኑን ግቢ ውስጥ በጨለማ ትከሉት፤ ባትሪ ብቻ ይዛችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። በባልዲ ውሃ ርጩበትና ውስጡን ዳስሱ። ግቢ የሌለው ሰው ሐይቁ ዳር ያለው ሣር ላይ ልሞክር ይል ይሆናል፤ አይሞክር። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ የሚግጠው እዚያው ሣር ላይ ነው፣ ከውሃው በሚወጣበት መንገድ ላይ የቆመ ነገር አይወድም። ወንዶ ገነት በኩል ፈቃድ ጠይቆ አንድ ሌሊት ማደር የተሻለ ልምምድ ነው።

ጭነቱን ስትከፋፍሉ ድስቱን፣ ምድጃውንና እህሉን ለፈረሱ ስጡ። ድንኳኑን፣ ስሊፒንግ ባጉን፣ የዝናብ ልብሱንና የራስ ባትሪውን ራሳችሁ ተሸከሙ፤ አንዱ ሸራውን፣ ሌላው ዘንጉንና ካስማውን። ፈረሶች ግጦሽ ባገኙበት ይቆማሉ፣ ወንዝ ሲሞላ ዞረው ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ከእናንተ ሁለት ሰዓት ዘግይተው ይደርሳሉ። ዝናቡ ቀድሟቸው ቢመጣ ድንኳኑ ከእናንተ ጋር ነው፤ ድስቱን መጠበቅ ይቻላል።